የሞት ፍርድ፣ ይግባኝና ጠበቃ፦ ከድሬዳዋ ምድብ ችሎት እስከ ርዕሰ ብሔሩ ፊርማ

ኢትዮጵያ የሞት ቅጣትን በሕጓ ይዘው ከቀጠሉ አገሮች አንዷ ናት። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ቅጣት ለከባድ ግድያ፣ ለዘር ማጥፋት፣ ሰው ለሞተበት ከባድ ውንብድና፣ እንዲሁም በአገርና በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ ላይ ለሚፈጸሙ እጅግ የከፉ ወንጀሎች ያስቀመጠ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የሽብር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1176ም አልተወውም። ስለ ቅጣቱ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ይቅር ወይስ ይቆይ በሚለው ሙግት ላይ ያተኩራል። ሙግቱ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ቅጣቱ በሕግ እስካለ ድረስ ከዚያ የማያንስ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አለ፦ አንድ ችሎት የሞት ፍርድ ከሰጠ በኋላ ፍርዱን ማን፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ በማን አነሳሽነት ይመረምረዋል? ፍርደኛውስ በዚያ ምርመራ ጊዜ አጠገቡ የሚቆም ጠበቃ አለው? ይህ ዳሰሳ የሕጉን መልስ ከድሬዳዋ ከተማ አንጻር ይመረምራል። ድሬዳዋ የተመረጠችው መንገዱ በዚያ ከሌሎች ቦታዎች ይልቅ አጭር፣ ርቀቱ ግን ረጅም በመሆኑ ነው።

ድሬዳዋ በሕገ መንግሥቱ ከተዘረዘሩት ክልሎች መካከል አይደለችም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በጸደቀላት ቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። የከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ውስን ስለሆነ እንደ ከባድ ግድያ ያለው ክስ የሚሰማው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ምድብ ችሎት ነው። በአማራ ክልል አንድ ሰው በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሞት ቢፈረድበት ይግባኙን ባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ቀጥሎ የክልሉ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ፤ ከዚያም በሕግ በተወሰኑ ሁኔታዎች ለፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት አቤት ማለት ይቻላል። የድሬዳዋው ፍርደኛ ግን ከምድብ ችሎቱ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሻገራል። እዚያ አንድ ይግባኝ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚቀረው በዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ የተደራጀው ሰበር ሰሚ ችሎት ብቻ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት ማለት የመጨረሻ ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ብቻ የሚያይ ችሎት ሲሆን፣ ማን መታ፣ ማን ቆሞ አየ፣ ምስክሩ እውነት ተናግሯል ወይ የሚሉትን የፍሬ ነገር ጥያቄዎች አይነካም። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የተሰማ ማስረጃ በሌላ ዓይን የሚመዘንበት ዕድል አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያም የሚገኘው ማስረጃው ከተሰማበት ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው።

ይህን የይግባኝ ሥርዓት የሚመራው ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ በዋናው አካሉ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሕጉ የተወለደበት ዘመን ራሱ ይግባኝ ለምን እንዳስፈለገ ያሳያል። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 19 ቀን 1953 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባቸው መጋቢት 21 ቀን ተሰቀሉ፤ በፍርዱና በገመዱ መካከል የነበረው ሁለት ቀን ነበር። በተከታዩ ዓመት ጥቅምት የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ይግባኝ ከመዘርጋቱም በላይ፣ የይግባኝ መብቱን ጨርሶ የተጠቀመ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት አቤት እንዲል ፈቅዶ ነበር። ዙፋን ችሎት በዘመናዊ መለኪያ ሲታይ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው፤ ሕጉም ፍሬ ነገሩም በአንድ ላይ እንደገና ይነሳበት ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እሱም ቀረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት ያለ ምንም ፍርድ ተረሸኑ፤ በዚያው ወር በአዋጅ ቁጥር 7 የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ቤት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 የይግባኝ መብትን ሲያውጅ ከኋላው ይህ ሁሉ ታሪክ ነበረ።

መብቱ ታወጀ፤ የሚሠራበት መንገድ ግን በ1954ቱ ሕግ እንደ ነበረ ቀጠለ። በሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ማስታወቅ፣ የፍርዱን ግልባጭ ካገኘ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ጊዜው በራሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ያለፈበት ሰው ማስፈቀጃ ሊጠይቅ ይችላል። ቀኖቹ ለሁሉም ወንጀል አንድ ናቸው፤ ስድስት ወር የተፈረደበትም ሞት የተፈረደበትም እኩል ይቆጠርባቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ይግባኙን የሚያስነሳው ፍርደኛው ራሱ ነው። ፍርደኛው ዝም ካለ፣ ተስፋ ከቆረጠ፣ ወይም ቀኑ ካመለጠው የሞቱን ፍርድ በበላይ ዳኛ ፊት የሚያቆመው ሌላ እጅ በሕጉ ውስጥ የለም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጉዳዩን በመዝገብ ቤት መስኮት በኩል ማየት ይበቃል። ፍርዱ በችሎት ከተነበበ በኋላ ፍርደኛው ወደ ማረሚያ ቤት ይመለሳል፤ ዳኞቹ የፈረሙበት ውሳኔ ተተይቦ፣ ተመሳክሮ፣ ማኅተም አርፎበት ግልባጩ እስኪወጣ ድረስ የሚመላለሰው ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከከተማዋ የገጠር ቀበሌዎች የመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ምልልስ የቀን ሥራ ያስቀራል። የ30 ቀኑ መቁጠሪያ የሚነሳው ግልባጩ ከወጣበት ቀን ስለሆነ፣ በግልባጩ ጀርባ የሚሰፍረው ቀን የዋና መዝገቡን ያህል ዋጋ አለው። ጠበቃ ያልያዘ ሰው ማመልከቻውን የሚያጽፈው ብዙ ጊዜ በፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። ራፖር ጸሐፊ የአቤቱታን ወግ የሚያውቅ፣ ብዙ ድኃ የረዳ ባለሙያ ነው፤ ሆኖም የምስክር ቃልን ከሐኪም ማስረጃ ጋር አስተያይቶ ተቃርኖውን ነቅሶ ማውጣት፣ በምርመራ ጊዜ የተሰጠ ቃል በግዳጅ የተገኘ ስለ መሆኑ የሕግ ክርክር መገንባት ከእሱ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። በገጽ ተኩል የተጻፈ «ፍርዱ አላግባብ ስለ ሆነ ይሻርልኝ» የሚል ማመልከቻ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በሌላኛው ወገን የሚቆመው ሙሉ መዝገቡን የያዘ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ነው።

በድሬዳዋ በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በከተማዋና በዙሪያዋ ግን ኦሮምኛና ሶማልኛ በስፋት ይነገራሉ፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን እያቀላጠፈ አማርኛውን ለገበያና ለመንገድ ያህል ብቻ ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የክርክሩ ሂደት በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ሰው በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ሰጥቶታል። አስተርጓሚው በችሎት ይገኛል፤ ቃል ይተረጎማል። የተጻፈው ፍርድ ግን አይተረጎምም። ሞት የተፈረደበት ሰው ለምን እንደተፈረደበት የሚያስረዳውን ሰነድ ማንበብ ካልቻለ በየትኛው ነጥብ ላይ ይግባኝ ሊል ነው? የትርጉም መብቱ የችሎቱ በር ላይ እንዲቆም የተደረገበት በቂ ምክንያት አይታይም፤ የይግባኝ መብት ያለው ሰው የሚቃወመውን ፍርድ ማወቅ አለበትና። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በምስልና በድምፅ የሚካሄደው፣ በተለምዶ የፕላዝማ ችሎት የሚባለው አሠራር የጉዞውን ችግር አቅልሏል፤ ሆኖም እስክሪኑ ላይ የሚታየው ፍርደኛ ጠበቃው አጠገቡ ከሌለና የጽሑፉን ይዘት ካላወቀ መታየቱ ብቻውን መከራከር አይሆንም።

የጥብቅናው ጉዳይ ከይግባኙ ተነጥሎ አይታይም። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ጠበቃ እንዲመድብ በግልጽ የሚያስገድደው አንቀጽ 174 ሲሆን፣ እሱም የሚመለከተው ወጣት ጥፋተኞችን ነው፤ ወጣቱ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወይም በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ከተከሰሰ ጠበቃ ይመደብለታል። ዐዋቂው ተከሳሽ እስከ ሕገ መንግሥቱ መምጣት ድረስ እንዲህ ያለ ዋስትና በሕጉ አልነበረውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከማጣቱ የተነሳ ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲያጋጥም ከመንግሥት ጠበቃ እንደሚያገኝ ይገልጻል። ይህን ሥራ የሚሠራው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተደራጀው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ተከላካይ ጠበቃ ማለት ደመወዙን ከመንግሥት እየተቀበለ ለድኃ ተከሳሽ የሚከራከር የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ ተቋሙ ጎልቶ የወጣውና የተጠናከረው በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተከፈተው የዘር ማጥፋት ክስ ብዙ ተከሳሾችን ያለ ጠበቃ በችሎት ባቆመበት ጊዜ ነው።

ድንጋጌው ሁለት ክፍተቶች አሉት። አንደኛው «ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ሲሆን፣ ይህን የሚወስነው በየጉዳዩ የተቀመጠው ችሎት ነው፤ በሞት በሚያስቀጣ ክስ ውስጥ ጠበቃ አለመኖር ሁልጊዜ ፍትሕን ያጓድላል የሚል ግልጽ ሕግ ቢጻፍ ክርክሩ ያበቃ ነበር። ሁለተኛውና የከፋው የውክልናው ዕድሜ ነው። ተከላካይ ጠበቃው የሚመደበው በመዝገብ ነው፤ መዝገቡ በሥር ፍርድ ቤት ሲዘጋ ምደባው በይግባኝ ደረጃ የሚቀጥልበት ወጥ ግዴታ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አልተጻፈም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበትን ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አፈጻጸምን የሚከታተለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ፣ የሞት ፍርድን ለሚመረምር ይግባኝ ለድኃ ፍርደኛ የሕግ ድጋፍ መንፈግ የጥብቅናንም የይግባኝንም መብት የሚጥስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 32 አስፍሯል። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን የተቀበለችው በሰኔ 1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎች ከእነዚህ ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል።

የጠበቃ መኖርና አለመኖር ሕይወትን የሚወስንበት ትክክለኛ ቦታ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 ነው፤ አንቀጹ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ስለሆነ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል። በአንቀጹ መሠረት የሞት ፍርድ የሚሰጠው ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛ ሲሆን፣ ወንጀሉ ፍጻሜ ሲያገኝ፣ አድራጊው በጊዜው 18 ዓመት የሞላው ሲሆን፣ እንዲሁም የቅጣት ማቅለያ ምክንያት በማይኖርበት ጊዜ ብቻ ነው። የቅጣት ማቅለያ ማለት ጥፋቱን ሳያስቀር የአጥፊውን ነቀፋ የሚቀንስ ነገር ነው፤ የቀድሞ መልካም ጠባይ፣ መገፋፋት፣ ድንጋጤ፣ መጸጸትና ተበዳይን ለመካስ መሞከር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የአንቀጹ አነጋገር በቀጥታ ሲነበብ አንድ ተቀባይነት ያለው ማቅለያ ከተገኘ የሞት ፍርድ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ ያን አንድ ማቅለያ ማን ፈልጎ ያመጣዋል? ከቀበሌ የመልካም ጠባይ ማስረጃ፣ ከዕድር ወይም ከአፎቻ ሽማግሌዎች የምስክርነት ቃል፣ ከሆስፒታል የአእምሮ ጤና ሰነድ፣ በልጅነት ስለ ደረሰ ጉዳት ከዘመድ የሚገኝ ቃል የሚሰበሰበው በእግር ተዙሮ ነው። ተከሳሹ በእሥር ላይ ነው፤ መዞር አይችልም። በችሎት ቀን ደንበኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ፣ ብዙ መዝገብ የተደራረበበት ተከላካይ ጠበቃም አይዞርም። የጥፋተኝነት ውሳኔ እንደተነበበ «የቅጣት አስተያየት ካላችሁ» ተብሎ ሲጠየቅ በቃል የሚነገረው «የቤተሰብ ኃላፊ ነው፣ ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም» የሚለው ሐረግ የአንድን ሰው ሕይወት ሙሉ ታሪክ ይተካል። በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ ማቅለያ ደግሞ በይግባኝ ለማስገባት እጅግ ያስቸግራል። የሕጉ ጥበቃ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ ወደ መዝገብ የሚገባው ግን በጠበቃ እግር ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ንዑስ አንቀጽ 2 በዚህ ረገድ የተለየ አስቸጋሪ ነጥብ አለው፤ የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት እየፈጸመ ያለ ሰው ግድያ ቢፈጽም የሞት ፍርድ ይሰጥበታል ይላል። ይህ ለዳኛ ምርጫ የማይሰጥ አስገዳጅ ቅጣት ነው። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በሙሩዋቴቱ ጉዳይ፣ የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 በኪጉላ ጉዳይ አስገዳጅ የሞት ቅጣት ተከሳሹ ስለ ቅጣቱ እንዳይሰማ የሚያደርግ በመሆኑ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብለዋል። የኢትዮጵያው ድንጋጌ የሚመለከተው ጥቂት ሰዎችን ቢሆንም፣ ከራሱ ከአንቀጽ 117 ጋር ሳይጋጭ መቆሙ አጠራጣሪ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሕጉ ክፍተት የሚታየው በደርግ ባለሥልጣናት ክስ ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ተቋቁሞ፣ ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ያላቸውን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የቅርብ ባልደረቦቻቸውን ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዕድሜ ልክ እሥራት ቀጣ። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የወንጀሉ ክብደት ማንንም አያጠራጥርም፤ የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች ለሠላሳ ዓመት ፍትሕ ጠብቀዋል። የሥነ ሥርዓቱ ጥያቄ ግን ከዚህ ነጻ ሆኖ መታየት ያለበት ነው፦ የሞት ፍርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በይግባኝ ሰሚው ከሆነ፣ በዚያ ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚባለው ወዴት ነው? በኢትዮጵያ ሕግ የትም አይደለም። የሚቀረው ሰበር ነው፤ ሰበር ደግሞ በመጀመሪያ በአጣሪ ችሎት ያልፋል፤ ካለፈም የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። አጣሪ ችሎት ማለት አቤቱታው ለሰበር የሚያስቀርብ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ የሚለይ ችሎት ነው። በዚህ መንገድ በሥር ፍርድ ቤት ሞት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ በፍሬ ነገርም በሕግም እንዲመረመርለት ሙሉ ይግባኝ ሲኖረው፣ ዳኛ አንድ ጊዜ ሕይወቱን የተወለት ሰው ግን ያን ዕድል ያጣል። ይህ የደርግ ባለሥልጣናትን ብቻ የሚመለከት ነገር አይደለም፤ ነገ ከድሬዳዋ ምድብ ችሎት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ የሚልበት ማንም ሰው በዚያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

የእነዚያ ፍርደኞች መጨረሻ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሃይማኖት አባቶች ያቀረቡትን ልመና ተከትሎ የ23 የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ለወጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይቅርታ እንዳይታለፉ ቢከለክልም፣ ርዕሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጥ እንደሚችል ፈቅዷልና። በመደበኛ ጉዳዮችም የወንጀል ሕጉ የሞት ፍርድ በርዕሰ ብሔሩ ካልጸደቀና በይቅርታ ወይም በምሕረት አለመቅረቱ ካልተረጋገጠ እንዳይፈጸም ያዛል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በፍርድ የተፈጸመ የሞት ቅጣት በጣም ጥቂት መሆኑ የዚህ ድንጋጌ ፍሬ ነው። በ1999 ዓ.ም. ክረምት የተፈጸመው፣ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን የአቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን ግድያ የተመለከተው ፍርድ በዚህ ሁሉ ዘመን በይፋ ከሚታወቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የርዕሰ ብሔሩ ፊርማ የፍርድ ምርመራ አይደለም። የይቅርታ ቦርድ ጥያቄውን የሚያየው በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት ሲሆን፣ የሚመረምረውም ይቅርታ ይገባል አይገባም የሚለውን ነው፤ ንጹሕ ሰው ተፈርዶበት እንደ ሆነ የሚያጣራበት የማስረጃ ሥርዓት የለውም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በልምድ ጥፋቱን አምኖ መጸጸቱን እንዲገልጽ ስለሚጠበቅ፣ አልሠራሁም የሚል ፍርደኛ ከዚህ በር ፊት ምርጫው ከባድ ይሆንበታል። ፊርማው የጊዜ ገደብም ስለሌለው ፍርደኛው ዓመታትን በመጠበቅ ያሳልፋል፤ ከግንቦት 2000 እስከ ግንቦት 2003 የነበረው ሦስት ዓመት ለዚህ ማሳያ ነው።

በሌለበት የሚሰጥ የሞት ፍርድ የራሱ ችግር አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ሳይቀርብ ሲቀር ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ተፈርዶበት የሚገኘው ሰውም ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ፣ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንዳልቀረበ አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. «ግንቦት 7» በተባለው የፖለቲካ ድርጅት ክስ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል አብዛኞቹ በውጭ አገር የሚኖሩና በሌሉበት የተፈረደባቸው ነበሩ። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት ተፈርዶባቸው በሰኔ 2006 ዓ.ም. ሰንዓ ላይ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ከተወሰዱ በኋላ ከእሥር የወጡት በግንቦት 2010 ዓ.ም. በይቅርታ ነው። በዚያው ክስ በሌሉበት የተፈረደባቸው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ፖለቲካው ሲለወጥ ፍርዱ ቀረ፤ ይህ ለተጠቀሱት ሰዎች መልካም ነው፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። በሌለበት ሞት የተፈረደበት ማንኛውም ሰው ሲገኝ የቀድሞው ፍርድ በራሱ ወድቆ ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንዲሰማለት የሚያደርግ ድንጋጌ እስከሌለ ድረስ፣ መዳኑ በጊዜው በሚነፍሰው ነፋስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ለኢትዮጵያ የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ አይጠቁምም። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ባጸደቃቸው መከላከያዎች ውስጥ የሞት ፍርድ ይግባኝ አስገዳጅ እንዲሆን አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ አሳስቧል። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ሴራሊዮን 24 ወታደሮችን ያለ ይግባኝ በመረሸኗ የመኖር መብትን ጥሳለች ብሏል። ለኢትዮጵያ በጣም የሚቀርበው የሕንድ ሥርዓት ነው። በሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ የሥር ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ሲሰጥ ፍርዱ ራሱ ሙሉ አይሆንም፤ ዳኛው መዝገቡን በገዛ ሥልጣኑ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት መላክ አለበት፤ ያም ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩን እንደገና ያያል፣ ካስፈለገ ተጨማሪ ማስረጃ ይሰማል፣ ፍርዱንም ከሁለት ያላነሱ ዳኞች ካልፈረሙበት አይጸናም። ፍርደኛው ይግባኝ አለ አላለ ለውጥ አያመጣም። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሞት ፍርዶችን ሁሉ የማጽደቁን ሥልጣን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ መልሳለች። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ግን ተቃራኒው ትምህርት ይገኛል፤ አስገዳጅ ይግባኝ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ቢኖራትም፣ ለይግባኙ የሚመደብ በቂ ጠበቃ በማጣት ፍርደኞች ጠበቃ ለማግኘት ብቻ ዓመታት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ማሻሻያም ጊዜውን ለማሳጠር እንጂ ጥራቱን ለማረጋገጥ ያደላ ነበር። ጠበቃ ያልቀረበበት አስገዳጅ ይግባኝ መዝገቡን ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ ከማዛወር አያልፍም።

የወንጀል ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ ሕግ ረቂቅ ለዓመታት ሲዘጋጅ፣ ሲከለስና ውይይት ሲደረግበት ቆይቷል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ የሕግ አርቃቂዎች ስለ ሞት ፍርድ የተለየ ምዕራፍ ቢጽፉ የሚያስፈልገው ነገር ረጅም አይደለም። የሞት ፍርድ የሰጠ ችሎት መዝገቡን፣ የፍርዱን ግልባጭና ፍርደኛው በሚያውቀው ቋንቋ የተዘጋጀ ትርጉሙን ጨምሮ በራሱ ለይግባኝ ሰሚው እንዲልክ፤ በሞት በሚያስቀጣ ክስ ሁሉ ከምርመራ አንስቶ እስከ ሰበርና እስከ ይቅርታ ጥያቄ የሚዘልቅ ጠበቃ እንዲመደብ፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክን ወደ ሞት የመለወጥ ሥልጣን እንዳይኖረው፣ ከተሰጠውም ፍርዱን ሰፋ ባለ ሌላ ችሎት በፍሬ ነገርም በሕግም የማስመርመር መብት እንዲጸና፤ በሌለበት የተሰጠ የሞት ፍርድ ሰውየው ሲገኝ እንዲወድቅ መደንገግ ይበቃል። ወጪው ብዙ ነው የሚለው ክርክር አያስኬድም፤ በአገሪቱ የሞት ፍርድ የሚሰጥባቸው መዝገቦች ከጠቅላላው የወንጀል ጉዳይ አንጻር ጥቂት ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ የጀመረው ልማድም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ከዚህ ሰዓት ውስጥ ለሞት ፍርድ ይግባኞች ድርሻ ሊለይ ይችላል፤ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ያሉ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም መምህራንና ተማሪዎቻቸው ማቅለያ ማስረጃ በመሰብሰብ ሊያግዙ የሚችሉበት ቅርበት አላቸው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ እስኪያወጣ መጠበቅ የማያስፈልገው አንድ ነገር አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በአስተዳደር ሥልጣናቸው፣ ማንኛውም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት የሞት ፍርድ በሰጠበት ዕለት ተከላካይ ጠበቃው በዚያው መዝገብ እንዲቀጥል፣ የፍርዱ ግልባጭ ያለ ጥያቄ ለፍርደኛው እንዲደርስ፣ ሬጅስትራሩም በ15ኛው ቀን ይግባኝ መባል አለመባሉን አረጋግጦ ለይግባኝ ሰሚው እንዲያሳውቅ በመመሪያ ሊያዝዙ ይችላሉ። ይህ መመሪያ ቢወጣ የመጀመሪያ ተጠቃሚው ከአዲስ አበባ ርቆ የሚፈርደው የድሬዳዋ ምድብ ችሎት ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አመራር ጉዳዩን በቅድሚያ እንዲያየው፣ የድሬዳዋ ጠበቆችና የከተማዋ ምክር ቤትም በጽሑፍ እንዲጠይቁት ይገባል።